ፊት የተነሳው ተከላካይ

ሰኞ ሰኞ ከዚያ ልብስ ስፌት ቤት የሚወጣው ድምፅ የስፌት መኪና ድምፅ አይደለም፤ የንዴት ድምፅ ነው። ቡድኑ እሁድ ይሸነፋል። ሰኞ ደጋፊው ሥራውን ጥሎ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይታጨቅና አሰልጣኙን፣ ተጫዋቹን፣ ዳኛውን፣ ሣሩን ሳይቀር ሲቦጭቅ ይውላል። ቡድኑ ማሸነፍ ከተወ ሰነባብቷል። በደረጃ ሰንጠረዡ ከሱ በታች ያለው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ እሱም ሊፈርስ ጫፍ የደረሰ ነው።

የሱቁ ባለቤት የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። የልኬት ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሽ ሜትር" ይላቸዋል። ኮት ሲሰፉ እጃቸው ንቅንቅ አይልም፤ ስለ ኳስ ሲያወሩ ግን መላ አካላቸው ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳቸው ላይ በትልቁ የጻፉት አንድ ሕግ አለ፤ "የተለካ ራሱ መጥቶ ይውሰድ" ይላል። እሳቸው ዘንድ ልብስ ለመልእክተኛ አይሰጥም፣ በሰው አይላክም። ባለቤቱ መጥቶ፣ ለብሶ፣ ዞር ዞር ብሎ ካላሳያቸው ኮቱ እዚያው ተሰቅሎ ይከርማል።

አጠገባቸው ባለችው መኪና የምትሰፋው ሴት ልጃቸው ናት። በሙያዋም በምላሷም ምክንያት "መርፌ" ይሏታል፤ ስሙ ቅር ብሏት አያውቅም። የዚያን ሰኞ ግን ያቺ ምላሰኛ ልጅ አንገቷን ደፍታ ማሊያ ላይ ቁጥር ትሰፋለች እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

"የኛ ግራ መስመር አውራ ጎዳና ነው እንዴ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ራስ ላጭቶ ግማሹን ትቶት ነው ከጎረቤት ሱቅ የመጣው። አፉ ስለማያርፍ "ራዲዮ" የሚል ስም ወጥቶለታል። "ሦስቱም ጎል በዚያ በኩል ነው የመጣብን። እኔ እኮ ድልድይ ያልኩት ወድጄ አይደለም። የፈለገ ይሻገርበታል። ኬላ እንኳን የለውም።"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ድልድዩ የተባለው የቡድኑ ግራ ተከላካይ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ራዲዮ ነው፣ አሁን ግን ከተማው በሙሉ የሚጠራው በዚሁ ሆኗል።

"ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው" አሉ ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር፣ ከጥግ። "ልጁ ሁልጊዜ ወደ መሃል እየገባ መስመሩን ባዶ ይተዋል። ሰው በየሳምንቱ ያንኑ ስህተት ከደገመ ታዞ ነው እንጂ ደንቁሮ አይደለም።"

"አሰልጣኙ ደግሞ መቼ ነቅቶ ያዛል? ቅያሪ ትዝ የሚለው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር ነው።"

"አጥቂውስ ቢሆን? ባዶ ጎል አግኝቶ ኳሷን ወደ መኪና ማቆሚያው የላካት?"

"እሱን ተወው፤ እሱ ቢያንስ ይሞክራል። ድልድዩ ግን..."

"ቆይ፣ ቆይ፣" አሉ ጋሽ ሜትር መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው። "መምህር፣ አሰልጣኙ አዞት ነው ወደ መሃል የሚገባው አልክ? መሃሉን ምን ጎደለውና? መሃል ላይ አምበሉ አለ አይደል?"

ሱቁ ጭጭ አለ። አምበሉ ሲነሳ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ቡድኑን ስንት ዓመት በትከሻው ተሸክሞ የኖረ፣ ሕፃን አዋቂው የሚምልበት መሃል ተከላካይ ነው። የጋሽ ሜትር የበኩር ልጅ፣ የመርፌ ታላቅ ወንድም መሆኑን ደግሞ የማያውቅ የለም።

አይ መርፌ። እነዚህ ሁሉ የማያውቁትን እሷ ታውቃለች፤ ቆሽቷን የሚያሳርራት ይኸው ነው። የአምበሉ ቀኝ ጉልበት ካለቀ ቆይቷል። ከልምምድ ሲመለስ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ የምታስርለት እሷ ናት፤ አባታቸው እንዳያዩ በር ዘግታ። አሰልጣኙም ያውቃሉ። አምበሉን ተቀመጥ ቢሉት ደጋፊው ስታዲየሙን በላያቸው ላይ ስለሚያፈርሰው፣ ግራ ተከላካዩን ለብቻው ጠርተው "ሰውየው ሲቀደም ወደ መሃል ገብተህ ሸፍንለት፤ መስመርህ ባዶ ቢቀር ይቅር" አሉት። ልጁም ሸፈነ። የሸፈነው የአምበሉን ጉልበት ነው፣ ስድቡን የጠገበው ግን እሱ ነው። ከሷ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ምክንያቱም አምበሉ የመርፌ ወንድም ነው፤ እሱ ደግሞ መርፌን ይወዳል።

የተዋወቁት በዚያው ሱቅ በር ላይ ነው። የማሊያው ቁጥር ተንጋዶ ተሰፍቶብኛል ብሎ መጣ። "የተንጋደደው ቁጥሩ አይደለም፤ ትከሻህ ነው" አለችው። ልጁ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማሊያው በየሳምንቱ እየተቀደደ መምጣት ጀመረ። ጋሽ ሜትር ግን ለተጫዋች የሚድሩት ልጅ የላቸውም፤ "ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ክለብ፤ ልጄ ሻንጣ ተከትላ አትዞርም" ብለው ገና ድሮ ቁርጡን ተናግረዋል። ስለዚህ ፍቅራቸው በዓይን ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ቢጫ ሻሽ ገዝቶ ሰጣት። "ስታዲየም ስትመጪ ይህንን እሰሪ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቶሎ ነው የማገኝሽ" አላት።

ታዲያ ይህ ደጋፊ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ፊት መንሳት ይሉታል። አንድ ተጫዋች ያንገፈገፋቸው እንደሆነ ሰኞ ጋሽ ሜትር ሱቅ እጅ ያወጣሉ፤ በሚቀጥለው እሁድ ያ ተጫዋች ኳስ በነካ ቁጥር ጥላ በሌለው ወገን የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ ብድግ ብሎ ጀርባውን ለሜዳው ይሰጣል። ከዚህ በፊት የደረሰባቸው ሁለት ተጫዋቾች ያንኑ ሰሞን ከተማውን ለቀው ሄደዋል። ባለፈው እሁድ ዕጣው ለድልድዩ ወጣ። ጋሽ ሜትር በድምፅ ማጉያው "ፊት" አሉ፣ አራት ሺህ ሰው ዞረ። መርፌ ከአባቷ ጎን ነበረች። አባቷ ዓይን ዓይኗን ሲያዩዋት ጊዜ እሷም ዞረች።

እሷም ዞረች። ያን ዕለት ከጨዋታው በኋላ ስልኳ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ገባ፤ "ቢጫው ሻሽ ከኋላም ያምራል።" ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሳም።

"አሁን የባሰ ነው የሚያስፈልገው" እያለ ነበር ራዲዮ። "ኳስ ሲነካ ብቻ አይደለም። እሱ ተቀይሮ እስኪወጣ ድረስ ማንም ፊቱን ወደ ሜዳ እንዳይመልስ። አሰልጣኙ ወይ እሱን ያወጣል ወይ ለጀርባችን ያጫውታል።"

እጆች ወጡ። መምህሩ ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቀሩ። "ኳስ ልናይ ከፍለን ገብተን ግድግዳ ልናይ?" አሉ፤ የሰማቸው የለም።

"ለዚያ ልጅ" አሉ ጋሽ ሜትር የራሳቸውን እጅ እያወጡ፣ "እንኳን ኮት ከፈንም አልለካለትም።"

ይህን ጊዜ አምበሉ ራሱ ከበሩ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ወንበር ለቀቀለት። ተቀመጠና ቀኝ እግሩን ቀስ ብሎ ዘረጋው፤ ሌላው ዝናር ፈትቶ የተዝናና መሰለው፣ መርፌ ግን ለምን እንደዘረጋው ታውቃለች።

"አንተ ባትኖር ኖሮ እኮ አስር ይገባብን ነበር" አለ ራዲዮ። "እስቲ አንተ ፍረድ። ድልድዩ ይሻለናል ወይስ ባዶ ሜዳ?"

አምበሉ እህቱን አያት። ዓይኗ "ተናገር፣ አሁን ተናገር" ይለዋል። መሬት መሬቱን አየ።

"ልጅ ነው እንግዲህ" አለ። "ልምድ ይጎድለዋል።"

የስፌት መኪናዋ መርፌ ማሊያው ውስጥ ቀጭ ብላ ተሰበረች።

"ምነው ልጄ?" አሉ አባቷ።

"ጨርቁ ወፍራም ነው፣ አባዬ" አለች። ጨርቁስ ስስ ነበር። ወንድሟን በዚያች ደቂቃ ጠላችው፤ ከሱ ይበልጥ ደግሞ ራሷን ጠላች።

•

የተሰፉትን ማሊያዎች ለክለቡ ዕቃ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ የታጠቡ ማሊያዎች በገመድ ላይ ተሰጥተው የሚደርቁበት ጠባብ ግቢ አለ። ልምምድ ሲያበቃ እዚያ ጠበቀችው። ፎጣ በአንገቱ ጣል አድርጎ ሲመጣ አየችው፤ እሱም አያትና እርምጃውን አልቀነሰም፣ አልጨመረምም።

"ማሊያ ላደርስ ነው የመጣሁት" አለች።

"እዚያ ጋ አስቀምጪው።"

"ስልክህን ለምን አታነሳም?"

"ምን ልስማ ብዬ?"

"አባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ካልዞርኩ ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ሁሉንም እዘረግፈዋለሁ። ከዘረገፍኩት ደግሞ ወንድሜ..."

"ወንድምሽ፣ ወንድምሽ፣ ወንድምሽ።" ፎጣውን ከአንገቱ መንጭቆ ገመዱ ላይ ወረወረው። "ለማን ብዬ ነው እኔ ዝም ያልኩት? እናቴ ከስንት ቀን መንገድ ደውላ 'ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው በስፖርት ፕሮግራም የሚሰድቡህ' ስትለኝ፣ ምንም አላጠፋሁም እማዬ ማለት አቅቶኝ ስልኩን የዘጋሁት ለማን ብዬ ነው? ለወንድምሽ አይደለም። ወንድምሽን መቼ አውቀዋለሁ? ላንቺ ነው።"

መርፌ አንድ እርምጃ ወደሱ ጠጋች።

"አራት ሺህ ጀርባ እችላለሁ" አለ፤ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ማለቱ ግን ከጩኸቱ የባሰ ነበር። "ተጫዋች ነኝ፣ ይሰድቡኛል፣ ያልፋል። ያቃተችኝ አንዷ ናት። ኳሷን ተቀብዬ ቀና ስል እንደ ልማዴ ቢጫ ፈለግኩ። አገኘሁት። ያገኘሁት ግን የሻሹን ቋጠሮ ነው።"

ይህን ጊዜ ዕንባዋ መጣ። መርፌ ደግሞ ዕንባዋ ሲመጣ የምትቆጣ ሴት ናት።

"አንተስ?" አለች። "ጻድቅ መሆንህ ነው? ዝም ብለህ ስትረገጥ እኔ የሚመቸኝ መሰለህ? ሰኞ በመጣ ቁጥር ስምህን ሲያኝኩት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ያንተን ማሊያ በእጄ ይዤ። አንድ ቀን ብትቆጣ ምን አለበት? አንድ ቀን ዞር ብለህ ብትሰድባቸው?"

"ተቆጥቼማ ነው። የተቆጣሁት አንቺን ነው።"

የረጠበ ማሊያ ጠብ ጠብ ይላል።

"ሌላ ከተማ ያለ ክለብ ፈልጎኛል" አለ በመጨረሻ። "እሁድን ተጫውቼ ሰኞ ጠዋት መኪና ይልኩልኛል። እዚያ ስደርስ እፈርማለሁ።"

"'ሂድ ወይም አትሂድ በይኝ' አትለኝም?"

"ጀርባሽን ካየሁ በኋላ ምን ብዬ ልጠይቅሽ?"

"እንግዲያው ሂድ" አለች። ልቧ አትሂድ እያለ አፏ ሂድ አለ። እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። መርፌ በማሊያዎቹ መካከል ስትወጣ የሱ ቁጥር ያለበት አንዱ እርጥብ ማሊያ ፊቷን በጥፊ መታት። እዚያው ቆማ ማሊያውን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ አለቀሰች።

•

ቤት ስትገባ ወንድሟ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። ጉልበቱ አብጦ ቅርፁ ጠፍቷል።

"በረዶውን አምጪልኝ እስቲ፣ እህትዬ።"

"አላመጣም።"

ቀና አለ። "ምን ሆንሽ?"

"የራስህን በረዶ ራስህ እሰር። እኔ ደክሞኛል። ስትዋሽ እያየሁ ማሰር ደክሞኛል። 'ልምድ ይጎድለዋል' አልክ። ልጁ ባይኖር ስንት ጎል ይቆጠርብህ ነበር? አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።"

አምበሉ ወደ በሩ አየ፤ አባታቸው ሳሎን ናቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ውድድሩ ሊያልቅ ነው እኮ" አለ። "ከዚያ በኋላ በቃኝ እላለሁ። ሰው አጨብጭቦልኝ ልውጣ፣ ይኸው ነው የምለምንሽ። እየተጎተተ ወጣ ከሚሉኝ ሞቴን እመርጣለሁ። አባዬንስ አስበሽዋል? እሱ እኮ በኔ ነው ቀና ብሎ የሚሄደው።"

"ለአባዬ ቀና ማለት የሌላ ሰው ልጅ ጎብጦ መሄድ አለበት?"

"ለድልድዩ ምን አሳዘነሽ? ምንሽ ነው?"

መርፌ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ይህንን ጥያቄ ስንት ጊዜ ፈርታው ኖራለች። አሁን አልፈራችም፣ ተናደደች እንጂ።

"እሁድ ራስህ ተናገር" አለችው። "ለአሰልጣኙ አልችልም በላቸው። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።"

"አትጨክኚም።"

አላመናትም። ሲያሳዝን፣ አብሯት ያደገ ወንድሟ ያን ያህል አያውቃትም ነበር።

•

እሁድ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ የሌለው ወገን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጋሽ ሜትር ፊት ለፊት፣ አጥሩ ሥር፣ ሜትራቸውን በአንገታቸው፣ ድምፅ ማጉያውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። መርፌ ከጎናቸው ናት። ቢጫውን ሻሽ አስራለች። ቡድኖቹ ሲገቡ አምበሉ ከፊት መጣ፣ ክንዱ ላይ የአምበልነት ማሰሪያውን አድርጎ። ወደ እህቱ አላየም። ስለዚህ አልተናገረም ማለት ነው።

ግራ ተከላካዩ ከሁሉም መጨረሻ ገባ። እሱም ወደዚህ ወገን አላየም፤ ቢጫ መፈለግ ትቷል።

ፊሽካ ተነፋ። ጋሽ ሜትር ማጉያውን አነሱ።

"ፊት" አሉ።

አራት ሺህ ሰው ዞረ። ጩኸት የለም፣ ከበሮ የለም፤ የጫማ ኮሽታ ብቻ። መርፌ አልዞረችም።

"ዙሪ" አሏት አባቷ በጎን።

"አልዞርም።"

"አንቺ ልጅ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ማንም አያየንም፣ አባዬ። ሁላችሁም ዞራችኋል።"

ይህንን ስትል ነገሩ ራሷን አስደነገጣት። እውነቷን ነው፤ ማንም አያይም። እነዚህ ሰዎች በዚህ ልጅ ላይ የፈረዱት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። ሰኞ አፋቸውን ሞልተው የሚያወሩለትን ጥፋት እሁድ ዓይኑን ከፍቶ ያየ የለም። ስታስበው ደሟ ፈላ። እጇን ዘርግታ ድምፅ ማጉያውን ከአባቷ እጅ ቀማች። ጋሽ ሜትር ከድንጋጤያቸው የተነሳ ለቀቁት።

"እናንተ ስለማታዩ እኔ ልንገራችሁ" አለች። ድምፅዋ በስታዲየሙ ላይ ተንከባለለ። "ኳሷ በነሱ ቀኝ ክንፍ ነው ያለችው። አሁን ወደ መሃል አሻገረ። አጥቂያቸው አምበሉን አለፈው። አምበሉ ሊዞር ሞከረ፣ አልቻለም። ቆመ። ወገኖቼ፣ ቆሟል።"

አራት ሺሁ ጀርባ ተወዛወዘ፤ ግን አልዞረም።

"ድልድያችሁ መስመሩን ጥሎ መጣ። በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሮጠው። ተንሸራተተ። ኳሷን አወጣት። ጎል ነበረች፤ አላያችሁም አይደል? ባለፈውም አላያችሁም። ከዚያ በፊት እያያችሁም አላያችሁም። መስመሩን ለምን ባዶ ይተዋል ስትሉ ጉሮሯችሁ ይደርቃል። ይኸው ለዚህ ነው የሚተወው። የወንድሜ ጉልበት አልቋል። በረዶ የማስርለት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ማንም ዋሸች አይበለኝ። አሰልጣኙ ያውቃሉ። ይህም ልጅ ያውቃል፣ አውቆ ዝም ብሎ ተሰደበ። ለምን ዝም እንዳለም ልንገራችሁ፤ ስለሚወደኝ ነው።"

ድምፅዋ ተሰበረ። ዋጥ አደረገችውና ቀጠለች።

"እኔ ደግሞ ባለፈው እሁድ ከናንተ ጋር ዞርኩ። እናንተ አታውቁም ነበር፣ እኔ እያወቅኩ ነው የዞርኩት። ከሁላችሁም የከፋሁ እኔ ነኝ። እወደዋለሁ። አባቴም ይስማ፣ አገሩም ይስማ።"

መጀመሪያ የዞሩት መምህሩ ናቸው። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሌላ። ራዲዮ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከተፈጠረ ጀምሮ የሚለው ያጣው ያን ዕለት ነው። ኳሷ ወጥታ ስለነበር ሜዳውም ቆሞ ይሰማል። አምበሉ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ሣሩ ላይ ቁጭ አለና አንድ እጁን ወደ ተጠባባቂው ወንበር አነሳ። ማሰሪያውን ለበረኛው ሰጥቶ እያነከሰ ሲወጣ ሰው አጨበጨበለት፤ እንደተመኘው ግን አልነበረም። በእህቱ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። መርፌ ይህንን ዋጋ እንደምትከፍል ታውቅ ነበር።

ጋሽ ሜትር ከሁሉም መጨረሻ ዞሩ። ልጃቸው ሲያነክስ አዩ።

ቡድኑ ያም ሆኖ አንድ ለባዶ ተሸነፈ። ምን ይደረግ፣ ፍቅር ጎል አያገባም። ተቀይሮ የገባውን መሃል ተከላካይ ኳስ ነጠቁት፣ አገቡበት። ሕዝቡ ግን አልተሳደበም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ነገር በዓይኑ ፊት ስለሆነ የሚለው ጠፋው።

ሰዉ መውጣት ሲጀምር አባትና ልጅ አጥሩ ሥር ቀሩ።

"ጉልበቱን አላውቅም ነበር ብዬ አልምልም" አሉ ጋሽ ሜትር፣ ሜዳ ሜዳውን እያዩ።

መርፌ ዞር ብላ አየቻቸው።

"ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጠበበኝ ብሎኝ ስፌቱን ፈትቼ ያሰፋሁለት እኔ ነኝ። አንደኛውን እግር ብቻ። ምን ሆንክ ብዬ አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈራሁት።"

"ታዲያ ያንን ልጅ ለምን?" አለች። "እያወቅክ ለምን እሱን?"

"የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ" አሉ። "ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ልትጮህባቸው ነበር። አፏ ላይ የደረሰው ቃል ለአባት የሚባል አልነበረም። ግን ሰውየው በአንዲት ከሰዓት አርጅተው አየቻቸውና ምላሷን ነከሰች። ንዴቷ የትም አልሄደም፤ እዚያው ደረቷ ውስጥ ቆመ።

ግራ ተከላካዩ ጭቃና ሣር እንደለበሰ ወደ አጥሩ መጣ። ሽቦው በመካከላቸው ነው። መርፌን አየ፣ ጋሽ ሜትርን አየ፣ ከማን መጀመር እንዳለበት ያላወቀ መሰለ።

"ነገ ጠዋት ሱቅ ናልኝ" አሉት ጋሽ ሜትር።

"ነገ ጠዋት መኪና ይመጣልኛል፣ ጋሼ። ልሄድ ነው።"

ጋሽ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ የማያውቀውን ሜትር አወረዱት። "እንግዲያው አሁን" አሉ። "ጠጋ በል።"

ልጁ ግራ ገብቶት ጠጋ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን በሽቦው ቀዳዳ አሾልከው ሜትሩን ትከሻው ላይ ዘረጉ። ኮት ሲለኩ ንቅንቅ የማይለው እጅ ተንቀጠቀጠ። የቀሩት ደጋፊዎች ባሉበት ቆመው ያያሉ። "ያዥ" አሉ ለልጃቸው፣ ሱቅ ውስጥ እንደሚሉት፤ የትከሻውን ልክ ነገሯት፣ የክንዱን ነገሯት። መርፌ በአእምሮዋ ያዘች።

"ለምንድን ነው ልኬቱ?" አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

"ለኮት ነው።"

"የምን ኮት?"

"እሱን እሷን ጠይቃት። እኔ በሷ ጉዳይ ከእንግዲህ አፍ የለኝም። ላንተም... ለበደልኩህ ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ልጄ። የማውቀው ልብስ መስፋት ነው።"

ልጁ በሽማግሌው ራስ ላይ አሻግሮ መርፌን አየ።

"ሻሹ ከፊት ነው የሚያምረው" አለ።

"አታባብለኝ" አለች ዕንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "እኛ ቤት ልብስ በሰው አይላክም። የተለካ ራሱ መጥቶ ነው የሚወስደው። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ ስንት ጊዜ አንብበኸዋል።"

"መቼ ይደርሳል?"

"እኔ እንጃ" አሉ ጋሽ ሜትር። "እጄ ከዛሬ ጀምሮ ሳይንቀራፈፍ አይቀርም።"

"ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ" አለ። "የትም አልሄድም።"

"እኔ እኮ ገና አልበረደልኝም" አለችው መርፌ።

"እኔም አልበረደልኝም።"

ሁለቱም እንደተቆጡ በሽቦው ውስጥ ተያዩ። ጋሽ ሜትር የወገቡን ልክ ለመውሰድ ጎንበስ ሲሉ ሜትሩ ከእጃቸው ሊሾልክ ነበር፤ ልጁ አንዱን ጫፍ በጣቱ ያዘላቸው።